ሳንበላ የሚመጣው ስኳር ከወዴት ነው?

(በጭሮ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ማታ ስለ ጉበት፣ ስለ ስብና ስለ ኢንሱሊን ልንናገር ተነሥተናል። ርእሱን ስትሰሙ ከመካከላችሁ አንዳንዱ «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ሳይል እንዳልቀረ እናውቃለን። እኛም እስከ ዐምና ድረስ እንዲሁ እንል ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በመኝታ ክፍላችን ውስጥ የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመን እርሱን እንነግራችኋለን።

በክፍላችን አብሮን የሚያድር አንድ ጓደኛ አለን። ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር በሽታ ስላለበት በየዕለቱ ኢንሱሊን ይወጋል። ዐምና በፈተና ሰሞን ሆዱን ታመመ፤ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰው ጀመር፤ ምግብም እንቢ አለው። እኛም ተሰብስበን መከርነው። «ኢንሱሊን ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት ነው፤ አንተ ደግሞ ምንም አልበላህም፤ ሳትበላ ብትወጋ ስኳርህ ወርዶ ትወድቃለህ፤ እህል እስክትቀምስ ድረስ መርፌውን ተወው» አልነው። ይህን ያልነው በክፋት አልነበረም። ከዚያ ቀደም አንድ ቀን መርፌውን ወግቶ ምሳው ቢዘገይበት፣ ላብ አጥምቆት ሲንቀጠቀጥ አይተነው ስለ ነበር፣ ያንን ፈርተን ነው። እርሱም ሰማን፤ መርፌውን ተወው።

በሁለተኛው ቀን ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣ ጀመር፤ ሽንትም አመላለሰው። ሌሊቱን ዳገት እንደ ወጣ ሰው በረጅሙ ይተነፍስ ነበር፤ ትንፋሹም እንደ በሰለ ፍሬ ይሸት ነበር። ከእኛ አንዱ የሚኤሶ ቆላ ልጅ ነውና «ይህ ወባ ነው» አለ። ሊነጋ ሲል ብንጠራው በቅጡ መመለስ አቃተው፤ ባጃጅ ጠርተን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ስኳሩ እጅግ ከፍ ማለቱን ሲነግረን «ሁለት ቀን ሙሉ እኮ ምንም አልበላም!» አልነው። እርሱም «ስለ ምግቡ መች ጠየቅኋችሁ? መርፌውን መጨረሻ የወጋው መቼ ነው?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ጓደኛችን ድኗል፤ ዛሬም በዚህ አዳራሽ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ስሙን እንዳንጠራ ስለ ለመነን አንጠራውም። ነገር ግን ያ በቅን ልቡና የሰጠነው ምክር ሕይወቱን ሊያስከፍለው ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር አንረሳውም። ስለዚህ ይህ ንግግር ዕዳ መክፈያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያም ወዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን፣ ከእኛ አንዱ በመሰላ አንዲት አረጋዊት ጎረቤቱን ሊጠይቅ ገባ። እርሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚወስዱት ግን መርፌ ሳይሆን ኪኒን ነው። እንዲህ ሲሉ አጫወቱት፦ «ልጄ፣ ራቴን በጊዜ እበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውኃ እንጂ ሌላ አልቀምስም። ማታ ሲለካ ያነሰው ስኳር ጧት ሲለካ በልጦ ይገኛል። የወለድኳቸው ልጆች ‹ሌሊት እየተነሣሽ ትበያለሽ› ብለው ይቆጡኛል። ወላሂ አልበላሁም! እስቲ አንተ ተምረሃል፤ ይህ ስኳር ከወዴት ነው የሚመጣው?»

የእናታችን ጥያቄና የጓደኛችን አደጋ አንድ ምሥጢር አላቸው። ምሥጢሩም ይህ ነው፤ ስኳር ከምግብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ቀንና ሌሊት ስኳር ይሠራል።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ስኳር ተሰብስቦ ቢመዘን ወደ 5 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። አንጎላችን ብቻውን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100 እስከ 120 ግራም የሚሆን ስኳር ይፈልጋል። እንግዲህ የሚጨምርበት ባይኖር፣ አንጎል በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰው ነበር ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ራቱን በልቶ የተኛ ሰው ጧት በሕይወት የሚነሣው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚያበላው ስላለ ነው። ይህም ዋናው ጉበት ነው፤ ኵላሊትም በመጠኑ ያግዘዋል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ሌሊት ጾሙን ሲያድር፣ ጉበቱ በየሰዓቱ 7 ግራም ያህል ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በ10 ሰዓት ውስጥ 70 ግራም፣ ይኸውም ከ14 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር መሆኑ ነው።

ይህን በመጀመሪያ የገለጠው ክሎድ ቤርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቤርናር ሥጋ ብቻ በበላ ውሻ ላይ ምርመራ ሲያደርግ፣ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። ሥጋ ስኳር የለውም፤ ታዲያ ስኳሩን የሠራው ጉበቱ ነው ማለት ነው። በ1857ም ጉበት ስኳርን አጠራቅሞ የሚያኖርበትን ግላይኮጅን የተባለውን ነገር ለይቶ አወጣ።

ጉበት ስኳር የሚያቀርብበት መንገድ ሁለት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ለየዕለቱ የሚሆነውን እህል በቤቱ ያስቀምጣል፤ ለክፉ ቀን የሚሆነውን ማሽላ ደግሞ በጉድጓድ ይቀብራል። የጉበት ግላይኮጅን በቤት እንዳለው እህል ነው። ጥሩ በበላ ሰው ጉበት ውስጥ እስከ 100 ግራም ይሆናል፤ አንድ ቀን ያህል ከተጾመ ግን ያልቃል። ስለዚህ ጉበት ሁለተኛውን መንገድ ከጎን ያስኬዳል፤ ይኸውም ስኳር ካልሆነ ነገር አዲስ ስኳር መሥራት ነው። ለዚህ ሥራ ጥሬ ዕቃ የሚሆኑት ከጡንቻ የሚመጡት አሚኖ አሲዶችና ላክቲክ አሲድ፣ ከስብም የሚመጣው ግሊሰሮል ናቸው። ሌሊት ጾሙን ባደረ ሰው ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ግማሽ ያህሉ በዚህ በሁለተኛው መንገድ አዲስ የተሠራ ነው።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ፋብሪካ በውስጣችን ካለ፣ የሚቈጣጠረው ሊኖር ይገባል። በምሳ ሰዓት ከማዕድ የሚገባው ስኳር ደሙን ሲሞላው ጉበት ሥራውን ካላቆመ ስኳሩ ያጥለቀልቀናል፤ በጾም ሰዓት ደግሞ ካልሠራ አንጎላችን ይራባል። «አቁም» የሚለው ትእዛዝ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። «ሥራ» የሚሉት ደግሞ ራሱ ቆሽት የሚያመነጨው ግሉካጎንና በሕመም፣ በድንጋጤ፣ በጭንቀትም ጊዜ የሚጨምሩት ሌሎች ሆርሞኖች ናቸው።

ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1921 ተገኘ። ባንቲንግና ቤስት፣ ከማክላውድና ከኮሊፕ ጋር ሆነው ከእንስሳ ቆሽት አወጡት። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋበትና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ይመስለዋል፤ ይኸውም ለስኳር የጡንቻን በር መክፈት ነው። እኛም ጓደኛችንን ስንመክረው ይህንኑ ብቻ እናውቅ ነበር። ‹ካልበላ የሚገባ ስኳር የለም፤ የሚገባ ከሌለ በር መክፈቻው ለምን ይጠቅማል?› ብለን አሰብን። የኢንሱሊን ትልቁ የሌሊት ሥራ ጉበትን መግታትና ስብን መጠበቅ መሆኑን አልተማርንም ነበር።

አሁን ወደ ስብ እንምጣ። ከቆዳችን በታችና በሆድ ዕቃችን ዙሪያ ያለው ስብ ያ በጉድጓድ የተቀበረው ማሽላ ነው። ስንጾም ጉድጓዱ ይከፈትና ስቡ እየተፈታ የስብ አሲድ ወደ ደም ይለቃል። ቪንሰንት ዶል የተባለው ሐኪም በ1956 ኒው ዮርክ ሆኖ እንዳሳየው፣ በደም ውስጥ ያለው ነጻ የስብ አሲድ በጾም ጊዜ ይጨምራል፤ ስኳር ወይም ኢንሱሊን ሲሰጥ ፈጥኖ ይወርዳል። የጉድጓዱን ክዳን የሚዘጋው ኢንሱሊን ነው ማለት ነው። በ1963 ደግሞ ፊሊፕ ራንድልና ጓደኞቹ በእንግሊዝ አገር የስብ አሲድና ስኳር በጡንቻ ውስጥ እንደሚሽቀዳደሙ፣ አንደኛው በበዛ ጊዜም ሌላው እንዳይቃጠል እንደሚከለከል ገለጡ።

የስብ አሲድስ ከጉበት ስኳር ጋር ምን አገናኘው? የስብ አሲድ ራሱ ወደ ስኳር አይለወጥም። ምሳሌውን ከምድጃ እንውሰድ። እንጀራ ለመጋገር ሊጥ ያስፈልጋል፤ ማገዶም ያስፈልጋል። አሚኖ አሲድ፣ ላክቲክ አሲድና ግሊሰሮል ሊጡ ናቸው፤ የስብ አሲድ ግን ማገዶው ነው። ጉበት የስብ አሲድን አቃጥሎ ስኳር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኃይል ያገኛል። ከዚህም በላይ የስብ አሲድ ሲቃጠል አሴቲል ኮኤ የሚባል ነገር ይወጣል፤ ይህም አዲስ ስኳር የሚሠራበትን መስመር መግቢያ የሚጠብቀውን ፒሩቬት ካርቦክሲሌዝ የተባለውን ኤንዛይም ይቀሰቅሰዋል። ማገዶው ሲበዛ ምጣዱ ይግላል፤ ጋጋሪውም አያርፍም።

ይህን በሚገባ ከፈተኑት መካከል በካሊፎርኒያ የሪቻርድ በርግማን ጓዶች አሉ። በ1996 ባሳተሙት ምርመራ የውሾችን ኢንሱሊን ከፍ ሲያደርጉት የደሙ የስብ አሲድ ወረደ፤ የጉበቱም የስኳር ሥራ አብሮ ወረደ። ከዚያ ሁለተኛ ፈተና አደረጉ። ኢንሱሊኑን እንደ ፊተኛው ከፍ አድርገው፣ የስብ አሲዱ ግን እንዳይወርድ በደም ሥር ስብ ሰጡ። ኢንሱሊኑ ያው ሆኖ ሳለ ጉበቱ እንደ በፊቱ ሥራውን ሊቀንስ አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት ይህን የመሰለ ውጤት በሰው ላይ በተደረገ ምርመራ ተገኘ። በ2015ም የጄራልድ ሹልማን የምርምር ክፍል በየል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ ሠርቶ፣ ኢንሱሊን የስብን መፈታት ሲገታ የጉበት አሴቲል ኮኤ እንደሚቀንስ፣ በዚያም ምክንያት አዲስ ስኳር መሠራቱ እንደሚወርድ አሳየ።

ከዚህ የተነሣ ኢንሱሊን ጉበትን የሚገታው በሁለት እጁ ነው እንላለን። በአንደኛው እጁ ጉበቱን ራሱን ይይዘዋል፤ በሌላው እጁ ማገዶውን ከምድጃው ይስባል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል በሚለው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም መኖራቸው ግን የታወቀ ነው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ጓደኛችን ቆሽቱ ኢንሱሊን የማይሠራለት፣ አንደኛው ዓይነት የሚባለው የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነው። መርፌውን ሲተወው ሁለቱም እጆች ተነሡ። ሆዱ ስለ ታመመ የሕመሙ ሆርሞኖች ጉበቱን «ሥራ!» ይሉታል፤ «አቁም» የሚለው የለም። የስቡ ጉድጓድ ክዳኑ ተከፍቶ የስብ አሲድ እንደ ጐርፍ ይወርዳል። ምንም ሳይበላ ስኳሩ ሽቅብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስኳር በደም ውስጥ በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ በሽንት መፍሰስ ይጀምራል፤ ውኃውንም ይዞት ይሄዳል፤ ጥሙ ከዚህ የመጣ ነው። ጉበቱ ያን ሁሉ የስብ አሲድ አቃጥሎ መጨረስ ሲያቅተው ኪቶን የሚባል ነገር ያደርገዋል። ኪቶን አሲድነት ስላለው ደሙን ያኮመጥጠዋል። ያ የበሰለ ፍሬ ሽታ የኪቶን ሽታ ነበር፤ ያ ረጅም ትንፋሽም ሰውነቱ አሲዱን በሳንባ ለማስወጣት የሚያደርገው ትግል ነበር። እኛ ግን ወባ ነው ብለን ነጋ አልነጋ እንጠብቅ ነበር።

የመሰላዋ እናታችን በሽታ ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው። በዚህኛው ቆሽት ኢንሱሊን ይሠራል፤ ነገር ግን ጉበትና ስብ ትእዛዙን እንደሚገባ አይሰሙም። በተለይ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተጠራቀመ ስብ የሚለቀው የስብ አሲድ በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበቱም ራሱ ስብ ያጠራቅማል። ሌሊት፣ በተለይም ወደ ንጋት ሲቃረብ ሰውነትን ለመቀስቀስ የሚነሡ ሆርሞኖች ሲጨመሩበት፣ ጉበቱ ያለ ልጓም ይሠራል። ጧት በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች መሆን የሚገባው ስኳር ከፍ ብሎ ይገኛል። እናታችን እውነታቸውን ነው፤ አልበሉም። የሚወስዱት ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒንም ዋና ሥራው ይህንኑ የጉበት ስኳር መቀነስ ነው። ልጆቻቸው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ባልተቆጧቸው ነበር። ያልበላውን ሰው በላህ ማለት ትልቅ በደል ነው፤ በዚህም የተነሣ ስኳራቸውን መለካት የሚያፍሩና የሚተዉ ሰዎች አሉ።

ይህም ተስፋ የሌለው ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት በሽታ ያለባቸው 11 ሰዎች በቀን 600 ካሎሪ ያህል ብቻ እየተመገቡ 8 ሳምንት ቆዩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በጉበታቸው ያለው ስብ ቀነሰ፤ የጧት ስኳራቸውም ወደ ጤነኛ ሰው መጠን ወረደ። ይህ በሐኪም ጥበቃ የተደረገ ነገር ነውና ማንም በራሱ ሥልጣን እንዲሞክረው አንመክርም። ትምህርቱ ግን ግልጥ ነው፤ ስቡ ከጉበት ሲወጣ ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ይህ የወፍራሞችና የሀብታሞች በሽታ ነው፤ ያገሬ ገበሬ ምን ስብ አለውና?» ሊለን ይችላል። ይህ አስተሳሰብም ሰው ይጎዳል። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በአገራችን ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ድሆችና ከሲታ ሕሙማን መኖራቸውን ገልጠው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 ይህንን ዓይነት «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። እነዚህ ከሲታ ሕሙማን ስኳራቸው እጅግ ከፍ ብሎ ሳለ ብዙ ጊዜ ኪቶን አይበዛባቸውም፤ ማገዶ የሚሆነው ስብ በሰውነታቸው ጥቂት መሆኑ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ከሲታ ገበሬ ውኃ ጥም በዝቶበት፣ ሽንት አመላልሶት፣ ሰውነቱ እየመነመነ ስናይ «ድህነት ነው» ብለን እንዳናልፈው።

ከዚህ በኋላ በአካባቢያችን ወደ ለመድነው ኑሮ እንመለስ። በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በሂርናና በበዴሳ ጾም የማያውቅ ቤት የለም። እስላሙ ረመዳንን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ይጾማል፤ ክርስቲያኑ ሁዳዴንና ሌሎቹን አጽዋማት ይጾማል። በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የሚሆኑ እስላም የስኳር ሕሙማን ተጠይቀው ነበር፤ ከአንደኛው ዓይነት ሕሙማን 43 ከመቶ፣ ከሁለተኛው ዓይነት ደግሞ 79 ከመቶ የሚሆኑት ረመዳንን እንደ ጾሙ ተናግረዋል። ስለዚህ «ሕመምተኛ አይጾምም» ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም። ይጾማልና፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚጠበቅ ማሰብ ይሻላል።

በጾም ጊዜ አደጋው ከሁለት ወገን ነው። እንደ ወትሮው ተወግቶ የማይበላ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ ስኳር የሚያወርዱ አንዳንድ ኪኒኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ። መርፌውን ጨርሶ የተወ ሰው ደግሞ እንደ ጓደኛችን ይሆናል። ከመብል ጋር የሚወሰደው ፈጣን ኢንሱሊን ከመብሉ ጋር ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ቀስ ብሎ ቀንና ሌሊት የሚሠራው ግን ጉበትንና ስብን የሚጠብቅ ዘበኛ ነውና መጠኑ ይስተካከላል እንጂ ጨርሶ አይነሣም። ልኩን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የሚወስነውም ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት መሆን አለበት። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ይራራሉ፤ ሼሁንም የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ማማከር ነውር የለበትም።

ጫትን ሳንጠቅስ ብናልፍ ደግሞ አገራችንን የማናውቅ ያስመስልብናል። በበርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ረሃቡን ይረሳል። ለምሳ ተወግቶ ምሳውን ሳይበላ ከሰዓት በኋላውን በጨዋታ ያሳልፈዋል፤ ላቡንና የልቡን ምት «ምርቃና ነው» እያለ ስኳሩ ይወርድበታል። ሌላው ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ሲደጋግም ውሎ ስኳሩ ይወጣበታል። በአጠገቡ ያለ ጓደኛ ሁኔታውን ካላወቀለት ማን ያውቅለታል?

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ይዘን እንድንወጣ እንለምናችኋለን።

አንደኛ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ጓደኛ ሲታመምና ምግብ እንቢ ሲለው «ተወው» አንበለው። ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ ውኃ ይጠጣ፤ ሐኪሙም ይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ብርቱ ጥም፣ ረጅም ትንፋሽ፣ የፍሬ ሽታ ያለው እስትንፋስ፣ የአእምሮ መደንገዝ ካየን እስኪነጋ አንጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው።

ሦስተኛ፤ ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩም ከተዛባ ስኳሩ ወርዶ ይሆናልና፣ መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን እናጠጣው፤ ከ15 ደቂቃም በኋላ እንደገና እንለካለት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳናፈስ ፈጥነን ወደ ሐኪም እንውሰደው።

አራተኛ፤ ጧት ስኳሩ ከፍ ያለበትን ሰው «ምን በላህ?» ብለን ከመክሰሳችን በፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚሠራ ጉበት እንዳለው እናስታውስ።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የእኛ ትምህርት የሚፈተነው ግን በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያች ሌሊት አስተምራናለች። ከየገጠሩና ከየከተማው ተሰብስበን እዚህ ስንማር፣ በየቤታችን አንድ ሰው «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ አንቺ ተምረሻል» ብሎ ይጠብቀናል። የምንሰጠው መልስ ሰውን ሊያድን ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ከእኛ አንዱ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ መሰላ ሲመለስ ለእናታችን መልሱን ይዞላቸው ይሄዳል፤ ለልጆቻቸውም ጭምር። እናንተም ለየእናቶቻችሁ እንድትይዙላቸው ስንል ይህን ተናገርን።